ዳታ የሌለበት ምሳ

ሳቁ ከወጥ ቤት መጣ። መጀመሪያ የሐመልማል፣ ቀጥሎ የዳና፣ ከዚያ የሁለቱም አንድ ላይ።

ብሩክታይት በዳና ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ የወይን ብርጭቆ በነጭ ጨርቅ ትወለውል ነበር። እጇ ቆመ። ሁለቱ የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ቋንቋ የቀራት የልጅነት ቁራሽ ብቻ ነው፦ ሰላምታ፣ የምግብ ስም፣ ጥቂት ስድብ። ሳቅ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ሰው እንደዚያ የሚስቀው ብዙ ዘመን ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው።

«ያ ብርጭቆ ከዚህ በላይ አይጠራም» አለ ቤኒ ከኋላዋ። ቤኒ የወይን ፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ ገብቶ ዛሬ የለበሰው ሸሚዝ ገና የሻንጣ እጥፋት አለበት።

«እድፍ አለበት» አለች።

«እድፉ ብርጭቆው ላይ አይመስለኝም።»

ከበረንዳው በታች ሶዶ ተዘርግታለች፤ ቆርቆሮዎቿ ያብለጨልጫሉ፤ ከሩቅ፣ ሰማዩ ስለጠራ፣ አባያ ሐይቅ እንደ ቀጭን የብር ክር ይታያል። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም ስለሌለ ማንም እንግዳ ሥጋ አልበላም ብሎ አይቀርም። ፋብሪካው ከስምጥ ሸለቆ ወይኑ አራት አዳዲስ ዓይነት ጠምቆ ሊያወጣ ነው። ምሳው የዚያ ማስተዋወቂያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ወይን አንድ ምግብ፣ በዙር በዙር። ሶዶ ላይ ይሁን ያለችው ብሩክታይት ናት።

ከሶዶ የወጣችው ልጅ ሆና ነው። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ፈረንሳይ፤ የተማረችውም ወይን መቅመስና መጥመቅ ነው። አምና ስትመለስ አጎቷ ጋሽ ዳልጮ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ለጎረቤት ሁሉ «የሰው ልጅ ፈረንሳይ ሄዶ ሐኪም ሆኖ ይመጣል፤ የኛዋ ጠጅ ቀማሽ ሆና መጣች» እያሉ አወሩላት። እሷ ሳቀች። ግን አዲስ አበባ ስትሆን ሶዶ ይናፍቃታል፤ ሶዶ ስትሆን ስሙን የማታውቀው ቦታ ይናፍቃታል።

«ዋናው ቢሮ ሰኞ መልስ ይፈልጋል» አለ ቤኒ። «ሁለት ዓመት ሥልጠና ፈረንሳይ፣ ሙሉ ወጪው በፋብሪካው። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ሻንጣውን ዘግቷል።»

«የኔም ሻንጣ አልተከፈተም።»

«ታዲያ?»

«ከምሳው በኋላ እነግርሃለሁ።»

እውነቱ አጭር ነበር። ዳና «ቅሪ» ቢላት ትቀራለች። ዳና ግን አላላትም።

*

የተገናኙት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ ናሙና የሞላ ካርቶን ታቅፋ መኪናው ሲንጣት ፊቷ አመድ መሰለ። አጠገቧ የተቀመጠው፣ እግሩ ሥር ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር በሙሉ ጆንያ የያዘው ወጣት፣ ሳይጠይቅ ካርቶኑን ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠላት።

«ምንድን ነው ውስጡ? ይንኳኳል።»

«ወይን ነው።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ።»

ደንግጣ ካርቶኑን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለ። «ጉልበቴ አይጠጣም።»

ሶዶ እስኪደርሱ ሳቀች፤ ማቅለሽለሹም ጠፋ። ምግብ ቤቱን ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ዳና እያንዳንዱን ጠርሙስ ያስከፍታታል፣ «አፍንጫዬም አይጠጣም» ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ቀዩን ወይን ሲያሸት ብዙ ቆየ። «ይሄ የሁምቦ መሬት ነው» አለ በመጨረሻ። «የመጀመሪያው ዝናብ የነካው ዕለት።»

እሷ በፈረንሳይ ያን ሽታ ለመግለጽ ግማሽ ገጽ ቃል ተምራ ነበር። ያን ዕለት ሁሉንም ረሳችው።

ትናንት ግን ወጥ ቤት ውስጥ ግጭት ተነሳ። ለሦስተኛው ዙር የሚቀርበው ቁርጥ ነው፤ ሶዶ ደግሞ ያለ ዳታ ቁርጥ አይበላም። ሐመልማል፣ የምግብ ቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ፣ ከእናቷ በተማረችው መንገድ ሚጥሚጣውን ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ፈጭታ እርጥቡን ዳታ አዘጋጅታ ጠበቀች። ብሩክታይት ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይሆንም» አለች። «ቀዩን ወይን ይገድለዋል። ከዳታ በኋላ እሳት እንጂ ወይን አይቀመስም።»

ሐመልማል ወደ ዳና ዞረች። ዳና ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየና «እሺ፣ ይቅር» አለ። ለማን እንደታዘዘ፣ ለምን እንደታዘዘ አላስረዳም። ሐመልማል ዳታውን ከድና ወጣች።

ዳናና ሐመልማል ትናንት እንደዚያ ተኳርፈው ዛሬ ይህ ሁሉ ሳቅ ከየት መጣ?

*

ለወይኑ ማቀዝቀዣ የታዘዘው በረዶ ደርሶ እንደሆነ ልታይ ወደ ጓሮ ዞረች። የእንሰቱን ጥግ ስታልፍ እግሯ ተተከለ።

ዳናና ሐመልማል ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆመዋል። ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ የሁለቱም ከንፈር አንድ ዋንጫ ላይ፣ ወተት ይጠጣሉ። የሐመልማል እጅ የዳና ትከሻ ላይ ነው።

ብሩክታይት ይህን አጠጣጥ በሕይወቷ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለች፣ የአክስቷ ልጅ ሲያገባ። ሙሽራውና ሙሽራይቱ እንዲህ ጉንጭ ገጥመው ሲጠጡ ሕዝቡ እልል ብሎ ነበር።

አንዲት ደቂቃ እንኳን አልቆመችም። ወደ በረንዳው ተመልሳ ያንኑ ብርጭቆ አነሳች። አሁን እውነትም እድፍ ያለበት መሰላት።

*

እንግዶቹ መጡ፤ የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ጋሽ ዳልጮ በባለ ክራቫት ሙሉ ልብሳቸው። ቤኒ አዳራሹን ቃኝቶ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለ፦

«ግማሹ የማንጎ ጭማቂ ነው ያዘዘው! የወይን ምሳ ነው ብለሽ ነው የጠራሻቸው?»

«ሶዶ ነው ያለኸው። አፋቸው ባይጠጣ አፍንጫቸው ያሸታል።»

የመጀመሪያው ዙር በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የአባያ አሳ ነበር፤ አብሮት ደረቁ ነጭ ወይን። ሁለተኛው የተቀቀለ ቦዬ በአይብና በጎመን፤ አብሮት ሮዝ ቀለም ያለው። ብሩክታይት ቆማ እያንዳንዱን አስተዋወቀች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ዳና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ሲቀዳ ዓይኗ ግን ከጀርባው አልተነሳም። ከወጥ ቤቱ በር ሐመልማል ብቅ ስትል፣ እሱ ቀና ሲል፣ ሁለቱ በዓይን ሲነጋገሩ፣ ሁሉንም አየች። ሳህን ስትቀበለው ጣቶቻቸው እንደተነካኩ እንኳን አየች።

«ሎኦ ነው?» አለ ዳና ጠርሙስ ሊያነሳ አጠገቧ ሲደርስ። ጥሩ ነው ወይ ማለቱ ነው፤ ይህን ቃል ታውቀዋለች።

«ላንተ ጥሩ መሆኑን አይቻለሁ።»

ግራ ገብቶት አያት። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከወዲያ ተጠራ።

ቁርጡ መጣ። እንግዶቹ ገና ሳይቆርጡ ዙሪያውን ያዩ ጀመር።

«ዳታው የታለ?» አሉ ጋሽ ዳልጮ። «ዳታ የሌለው ቁርጥ፣ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ!»

አዳራሹ ሳቀ። ብሩክታይት ቀዩን ወይን አንስታ ስለ ጥቁር እንጆሪ፣ ስለ ቫኒላ፣ ስለ በርሜል እንጨት ተናገረች። በሌሎች ከተሞች የዚህን ወይን ናሙና ስታስቀምስ ንግግሯን የምትዘጋው በዳና ቃል ነበር፤ ዳናም ያውቃል። ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። አየችው፤ እያየችውም «አመሰግናለሁ» ብላ ጨረሰች። የሁምቦ መሬት አልተነሳም፤ ዝናቡም አልዘነበም።

የዳና ፊት ላይ አንድ ነገር ሲጠፋ አየች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«እናንተ ጋ ወይን የሚጠጣበት ባህል የለም?» አለ ቤኒ የቀዘቀዘውን አዳራሽ ለማሞቅ።

«መጠጡ ምንም ይሁን» አሉ ጋሽ ዳልጮ «የሚዋደዱ ሰዎች ጉንጭ ገጥመው ከአንድ ዋንጫ…»

«እኔ ላሳይህ» አለች ብሩክታይት።

ከየት እንደመጣ የማታውቀው ነገር አስነሳት። የቤኒን ክንድ ይዛ ጎተተች፤ ጉንጯን ከጉንጩ ገጠመች፤ ቀዩን ብርጭቆ ለሁለቱ አፍ አነሳች። የወይን ብርጭቆ ግን ለሁለት አፍ አልተሠራም። አገጫቸው ተጋጨ፣ ብርጭቆው ተንጋደደ፣ ወይኑ በቤኒ ሸሚዝና በነጭ ቀሚሷ ደረት ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። አንዲት ሴት እልል አለች። ጋሽ ዳልጮ ቀስ ብለው ተነሱ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ብሩክታይት የሠራችውን ያወቀችው ያኔ ነው። አባቷ ካረፉ ወዲህ በአባት ቦታ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጎጇችሁ ይሙቅ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፤ እንጀራችሁ ለእንግዳ ይትረፍ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ዳና ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ።

*

«በውሃ አትሺው፤ ጨው ነስንሽበት» አለች ሐመልማል። ወጥ ቤት ውስጥ የብሩክታይትን ቀሚስ ደረት ይዛ ጨው እየነሰነሰችላት ነው። በቅርብ ስትታይ ዓይኗ ውስጥ ቂም የለም፤ ድካም ብቻ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠዋት በእንሰቱ ጥግ የሸሸው ቀሚስ ያንቺ ነው አይደል?»

ብሩክታይት በጭንቅላቷ አዎ አለች።

«እኔ ዳናን ብፈልገው ኖሮ» አለች ሐመልማል የጨው ዕቃውን እየከደነች «አንቺ ፈረንሳይ ሳለሽ አገባው ነበር። ማን ይከለክለኝ ነበር? ሂጂ፣ ጓሮ ሣጥን ላይ ተቀምጧል።»

ዳና ባዶ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። እሷ ስትደርስ ቀና አላለም።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ።

«ጠዋት አይቻችኋለሁ።»

«ማንን?»

«አንተንና እሷን። ጉንጭ ለጉንጭ።»

አሁን ቀና አለ። «ጋሽ ዳልጮንስ አላየሻቸውም? ከዛፉ ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር እኮ። እሳቸው ናቸው ያስታረቁን።»

«ያስታረቋችሁ?»

«ትናንት ዳታውን ካስቀረሁት በኋላ ሐመልማል ቢላዋዋን አስቀምጣ ልትሄድ ነበር። ‹ለዚያች ልጅ ብለህ የእናቴን ዳታ ከገበታ አነሳህ› አለችኝ። ጋሽ ዳልጮ በጠዋት መጥተው ተኳርፎ የተሠራ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም አሉ። የተጣላ ሰው ሲታረቅ እንደዚያ ይጠጣል። ወንድምና እህት ይጠጣል። ጓደኛ ይጠጣል። ልጅ ሆነሽ ስለወጣሽ…» አልጨረሰውም።

ብሩክታይት ከአጠገቡ ሌላ ሣጥን ስባ ተቀመጠች።

«ለዚያች ልጅ ብለህ» አለች።

«ለዚያች ልጅ ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«ምኑንም! አንድም ነገር ነግረኸኝ አታውቅም! ታሸታለህ፣ ታስቃለህ፣ ትሸኘኛለህ። መነኻሪያ ድረስ ካርቶኔን ተሸክመህ ትሸኘኛለህ!»

«አንቺ ሁልጊዜ መንገደኛ ትመስያለሽ» አለ ዳና። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ጋሽ ዳልጮ ቤት ሻንጣሽ እንደተዘጋ በሩ ሥር ቆሟል። ቅሪ ብልሽና ብትቀሪ፣ አንድ ቀን እዚያ በረንዳ ላይ ቆመሽ ሩቅ ሩቁን ስታዪ ባገኝሽ ምን እላለሁ? ደግሞ እኔ የምትጠጪውን እንኳን አልጠጣም። ቢሆንም ቆረጥኩ። እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነበር።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ማን ይላካል? ወደ ጋሽ ዳልጮ ነዋ። አሁን ምን ብዬ ልላክባቸው? በሕዝብ ፊት መርቀው ሰጡሽ።»

ከአዳራሹ ሳቅ ይሰማል፤ ቤኒ ስለ ሸሚዙ የሆነ ነገር እያወራ ነው። ብሩክታይት ጨው የለበሰውን ቀሚሷን አየች። ሁለት ዓመት ፈረንሳይ። ንጹሕ ብርጭቆ፣ ማንም የማይቀናባት፣ በማንም የማትቀናበት ከተማ።

«ወይ ቅሪ በለኝ፣ ወይ ሂጂ በለኝ» አለች። «በሽማግሌ አይደለም። ባንተ አፍ።»

ዳና ወደ እንሰቱ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ።

«ቅሪ።»

ደስታው ብቻውን አልመጣም፤ ፍርሃቱን አስከትሎ መጣ። ብትቆጭስ? ቢቆጭስ? ሁለቱንም ጥያቄ እዚያው ሣጥኑ ላይ ትታ ተነሳች።

«ሐመልማል!» ብላ ተጣራች። «ዳታው አለ?»

«ዳታ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አለች ሐመልማል ከበሩ፤ እስካሁን ጆሮዋን ሰጥታ መቆሟን ለመደበቅም አልሞከረች።

«ቀዩን ይገድለዋል ያልኩሽ እውነት ነው። አራተኛውን፣ ጣፋጩን ነጭ ግን አይገድለውም። ጣፋጭ ወይን ሚጥሚጣን ያቅፈዋል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ትናንት ትዝ አላለኝም። ትናንት ላሸንፍሽ ነበር የፈለግሁት።»

ሥጋ ቆርጣ ዳታው ውስጥ አጠቀሰች፤ ጎረሰች፤ ከመጨረሻው ጠርሙስ ተጎነጨች። እሳቱ ተነሳ፣ ማሩ ደረሰበት፣ ሁለቱም ተቃቅፈው ወረዱ። ዓይኗ አሁንም እንባ አቀረረ።

«ለጣፋጩ ወይን ያዘጋጀሽውን ማንጎ ተዪው» አለች። «አራተኛው ዙር ይሄ ነው።»

*

እድፏን ሳትሸፍን ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

«ጋሽዬ» አለች፤ ድምጿ አሁን ተንቀጠቀጠ። «ምርቃቱን ይመልሱልኝ።»

ሹካዎች ቆሙ።

«ምርቃት የሱቅ ዕቃ ነው እንዴ የሚመለሰው?» አሉ ጋሽ ዳልጮ።

«ከቤኒ ጋር የጠጣሁት በቅናት ነው።»

አዳራሹ ኧረ አለ። ቤኒ ሁለት እጁን አነሳ። «እኔ ምንም አላልኩም! የተጎዳው ሸሚዜ ነው!» ሳቁ እስከ በረንዳው ደረሰ፤ ጋሽ ዳልጮ ግን አልሳቁም። የእህል ውሃ ጉዳይ ሲሆን እንደ መምህር ነው የሚቆሙት።

«ስመርቅ የማንንም ስም ጠርቻለሁ?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ።

«አልጠሩም!»

«አልጠራሁም። ለምን? ጠዋት እነዚያን ሁለት ልጆች ሳስታርቅ፣ ዳና ጉንጩ ከሐመልማል ጋር ነበር፤ ዓይኑ ግን በዋንጫው ጠርዝ ላይ ወደ በረንዳው ነበር። ስወጣ እዚያ አንዲት ልጅ አንድ ብርጭቆ ስትወለውል አየሁ።» ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። «ና ውጣ አንተ። ምርቃቴን መልሼ አልበላም። ባለቤቱ ይውሰደው። እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ትልካለህ፤ አልማርህም!»

ዳና ወጣ። ከኋላው ሐመልማል ዋንጫውን ይዛለች፤ አፍ እስከ ገደፉ ወተት ሞልቷል።

«ወይን አይደለም» አለ ዳና በዝግታ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እኔም ዛሬ ወይን በቅቶኛል።»

ጉንጩ ሻካራና ሙቅ ነበር። ዋንጫው ሰፊ ነው፤ ለሁለት አፍ ታስቦ ተሠርቷል። አብረው ጎነበሱ፣ አብረው ተጎነጩ፤ ከዳር ያመለጠ ወተት በአገጯ ወርዶ በቀሚሷ ላይ፣ ቀይ እድፉ መሀል፣ ጠብ አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ሐመልማል የዳታውን ሳህን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ እልል አለ።

«እና ዋናውን ቢሮ ምን ልበላቸው?» አለ ቤኒ በዚያ ጫጫታ መሀል ወደ እሷ ጠጋ ብሎ።

«ሻንጣዬን ልፈታ ነው በላቸው።»

አዳራሹ አልሰማትም፤ «ዳታ ወዲህ! ዳታ ወዲህ!» እያለ ይጣራል። ከቤኒ ሌላ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰማት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉንጩ ገና ከወተቱ አልደረቀም።